ሰንበትና ሚዛን፤ የኦሪት ሕግ በድሬዳዋ ምእመናን የዕለት ኑሮ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በድሬዳዋ ከተማ በከፊራ ገበያ የሚነግድ አንድ ክርስቲያን እናስብ። እሑድ ሱቁን አይከፍትም፤ ነጠላውን አጣፍቶ ለኪዳን ይገሠግሣል። ረቡዕና ዓርብን ይጾማል። ወንድ ልጁን በስምንተኛው ቀን አስገርዞ በ40 ቀኑ አስጠምቋል። ኦሪት ርኩስ ያለችውን ሥጋ ወደ ቤቱ አያስገባም። ሰኞ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ግን ከመደርደሪያው ሥር ሁለት ዓይነት የሚዛን ድንጋይ አለው፤ አንዱ ከገበሬው የሚገዛበት፣ ሌላው ለደንበኛው የሚሸጥበት ነው። ይህ ሰው ኦሪትን ጠብቋል እንበልን?

ቤተ ክርስቲያናችን ኦሪትን ከወንጌል ጋር አስማምታ የያዘች በመሆኗ ጥያቄው የሌላ ሃይማኖት ጥያቄ ሳይሆን የራሳችን ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ የኦሪት ሕግ ምን እንደሆነ፣ አይሁድ ለዕለት ኑሮ እንዴት እንደ ተረጎሙት፣ ቤተ ክርስቲያናችን እንዴት እንደ ተቀበለችው፣ በንግድ በምትኖረው በድሬዳዋም የትኛው ክፍሉ ይበልጥ እየተዘነጋ እንደሆነ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

የኦሪት ሕግ ምንድን ነው?

ኦሪት በጠባቡ አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት ያመለክታል፤ በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ደግሞ ኢያሱ፣ መሳፍንትና ሩት ተጨምረው ብሔረ ኦሪት ስምንት ይባላሉ። የአይሁድ መምህራን በአምስቱ መጻሕፍት ውስጥ 613 ትእዛዛት እንዳሉ ይቈጥራሉ፤ ከእነዚህም 248ቱ አድርግ የሚሉ፣ 365ቱ አታድርግ የሚሉ ናቸው። ከትእዛዛቱ የወጣውን የኑሮ ሥርዓት ሃላካ ይሉታል፤ ቃሉ ከመሄድ ጋር የተያያዘ ሲሆን ሰው በየዕለቱ የሚሄድበትን መንገድ ያመለክታል።

ይህ ሥርዓት ከጸሎት ቤት ደጅ ላይ የሚያበቃ አይደለም። በ200 ዓመተ ምሕረት አካባቢ የተሰበሰበው ሚሽና የተባለው የአይሁድ የሕግ ስብስብ ስለ መሥዋዕትና ስለ በዓላት እንደሚናገር ሁሉ ስለ ባለ ሱቅ መስፈሪያም ይናገራል። ባለ ሱቅ መስፈሪያዎቹን በሳምንት ሁለት ጊዜ እንዲያጸዳ፣ የሚዛን ድንጋዮቹን በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲወለውል፣ የሚዛኑን ሳሕን ግን በመዘነ ቍጥር እንዲያጠራ ያዝዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በመስፈሪያው ውስጥ የተጣበቀው ዘይት ወይም ማር የገዢው ገንዘብ ነው። ያው መጽሐፍ የመግዛት አሳብ የሌለው ሰው የዕቃ ዋጋ እየጠየቀ ሻጩን በከንቱ ተስፋ እንዳያስደርግ ይከለክላል። ዕቃው ከሚገባው ዋጋ በስድስተኛ እጅ ከፍ ብሎ ቢሸጥም እንደ ማታለል ይቈጥረዋል።

በባቢሎን ታልሙድ ውስጥ የሚገኝ ትምህርት ደግሞ ሰው በሞተ ጊዜ በፍርድ ፊት አስቀድሞ የሚጠየቀው በንግዱ ታማኝ ስለ መሆኑ እንደሆነ ይናገራል። በ16ኛው መቶ ዓመት ዮሴፍ ካሮ የተባለው መምህር ያዘጋጀው ሹልሃን አሩክ ከአራት ክፍሎቹ አንዱን ሙሉ በሙሉ ለገንዘብና ለፍርድ ነገር ሰጥቷል። እነዚህን የምንጠቅሰው የታልሙድ ሕግ እንዲገዛን አይደለም። ከእኛ ጋር አንድ ኦሪት የሚያነብ ሕዝብ ሚዛንን እንደ ሰንበት ያለ የእግዚአብሔር ትእዛዝ አድርጎ እንዳየው ለማስተዋል ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ኦሪትን እንዴት ተቀበለች?

ጌታችን አምላካችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሕግንና ነቢያትን ሊሽር ሳይሆን ሊፈጽም እንደ መጣ አስተምሯል (ማቴ. 5፥17)። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ምእመናንን ዐሠርቱ ትእዛዛተ ኦሪትን ከስድስቱ ቃላተ ወንጌል ጋር አጣምራ ታስተምራለች። የእንስሳ መሥዋዕት በክርስቶስ መሥዋዕትነት ተፈጽሟል። ሐዋርያትም በኢየሩሳሌም ጉባኤ ከአሕዛብ ወገን ያመኑት የመገረዝ ቀንበር እንዳይጫንባቸው፣ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀና ከዝሙት ግን እንዲርቁ ወሰኑ (ሐዋ. 15፥28-29)።

በሀገራችን ከዚህ ውሳኔ ጋር የኦሪት ጥላ በብዙ ሥርዓት ይታያል። በየአብያተ ክርስቲያናቱ የሚከብረው ታቦት፣ የስምንተኛው ቀን ግርዘት፣ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን መጠመቃቸው፣ የቀዳሚት ሰንበትና የእሑድ ሰንበት አብረው መከበራቸው ለዚህ ምስክር ናቸው። ስለ ቀዳሚት ሰንበት አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው ብዙ መከራ ተቀበሉ፤ ክርክሩም በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ በመወሰኑ ፍጻሜ አገኘ።

ይህ ሥርዓት ክርስትናን ወደ አይሁድነት የሚመልስ ነው የሚል ክስ በተነሣ ጊዜ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. የሃይማኖት መግለጫ ጻፉ። በመግለጫው ቀዳሚት ሰንበትን የምናከብራት ውኃ እንደማይቀዱባትና እሳት እንደማያነድዱባት እንደ ጥንቱ አይሁድ ሳይሆን ቍርባን በማቅረብና በፍቅር ማዕድ እንደሆነ አስረድተዋል። ግርዘት የሀገር ልማድ እንጂ የመዳን ሕግ አለመሆኑን፣ የእሪያ ሥጋም የማይበላው በኦሪት ሕግ ተገዝተን አለመሆኑንና የሚበላውን እንደማንጸየፍ ገልጠዋል።

ከዚህ መግለጫ አንድ መሠረታዊ ነገር እንማራለን። የምንጠብቃቸው የኦሪት ሥርዓቶች በክርስቶስ ብርሃን ትርጉማቸው ተለውጧል፤ ልማድ፣ ምሳሌና በዓል ሆነዋል። የፍትሕ ትእዛዛት ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው። አትስረቅ የሚለውን፣ በሐሰት አትመዝን የሚለውን፣ የሠራተኛን ደመወዝ አታሳድር የሚለውን በአዲስ ኪዳን ልማድ ብቻ ነው ብሎ ያቀለለ የቤተ ክርስቲያን አባት የለም። ፍትሐ ነገሥትም ከ51 አንቀጾቹ 22ቱን ለመንፈሳዊው፣ 29ኙን ለሥጋዊው ጉዳይ ሲሰጥ ሽያጭን፣ ብድርን፣ መያዣን፣ አደራንና ኪራይን ከሃይማኖት ሰው ሕይወት ውጭ አላደረጋቸውም።

በገበያ ላይ የተመሠረተች ከተማ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም. በተራራው ግርጌ ቆመ፤ በዚያም በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ከተማ ተቈረቈረች። በደቻቱ ወንዝ በአንዱ ወገን ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላ አደጉ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ከባሕር ማዶም ዓረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ሕንዱ በንግድ ተገናኙባት። እንዲህ ባለች ከተማ ክርስቲያን ለጎረቤቱ የሚሰብከው አስቀድሞ በሚዛኑ ነው። ሃይማኖቱ ሌላ የሆነው ገዢ ቅዳሴያችንን ላይሰማ ይችላል፤ አንድ ኪሎ ብለን የሰጠነውን ሽንኩርት ግን ቤቱ ወስዶ ይመዝነዋል።

ነቢዩ አሞጽ ከእኛ ጋር የሚነጋገር የሚመስለው በዚህ ቦታ ነው። እርሱ የወቀሳቸው ነጋዴዎች ሰንበትን የሻሩ አልነበሩም፤ በሰንበት ሱቃቸውን ዘግተው ነበር። ነገር ግን ሰንበቱ መቼ ባለፈልን፣ እህሉን አውጥተን በሸጥን፣ መስፈሪያውን አሳንሰን ዋጋውን ከፍ ባደረግን እያሉ በልባቸው ይቈጥሩ ነበር (አሞ. 8፥5)። ሥጋቸው ዐረፈ፤ ስስታቸው ግን አላረፈም። ነቢዩ ሰንበትንና ሚዛንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያያዛቸው አንዱን ለመያዝ ሌላውን መልቀቅ እንደማይቻል ሊያሳይ ነው። ጌታችንም እንስላልንና ከሙንን ዐሥራት እያወጡ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን የተዉትን ሲገሥጽ ያንንም ሳይተዉ ይህን ማድረግ እንደሚገባቸው አስተማረ (ማቴ. 23፥23)። ቃሉ በቅመም ተራ ለሚውል ነጋዴ የተነገረ ያህል ቅርብ ነው።

በዕለት ኑሮ የምንዘነጋቸው ትእዛዛት

አንደኛ፣ እውነተኛ ሚዛን። ኦሪት በከረጢት ውስጥ ታላቅና ታናሽ የሚዛን ድንጋይ፣ በቤትም ታላቅና ታናሽ መስፈሪያ መያዝን ትከለክላለች (ዘዳ. 25፥13-16)። ልብ እንበል፤ የተከለከለው መስፈሩ ብቻ ሳይሆን መያዙ ጭምር ነው። ዛሬ ሚዛኑ በቍጥር የሚያሳይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ቢሆንም ትእዛዙ አላረጀም። በጣሳ የሚሸጥ ጥራጥሬ የጣሳው ሥር ወደ ላይ ቢጎበጎብ፣ በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ቢቀላቀል፣ ከላይ ያማረ ከሥር የበሰበሰ ማንጎ ቢደረደር ያው ሐሰተኛ ሚዛን ነው።

ሁለተኛ፣ የሠራተኛ ደመወዝ። የቀን ሠራተኛ ድካሙን በዕለቱ፣ ፀሐይ ሳትገባ ሊቀበል ይገባዋል፤ ድሃ ነውና ነፍሱ በእርሱ ላይ ተስፋ ታደርጋለች፤ ወደ እግዚአብሔርም ይጮኻል (ዘዳ. 24፥14-15)። ቅዱስ ያዕቆብም የተቀማ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ጽፏል (ያዕ. 5፥4)። በከተማችን ሙቀት ሲሚንቶ ሲሸከም፣ ከጭነት መኪና ኩንታል ሲያወርድ የዋለውን ሰው ነገ ና ብሎ መመለስ ለከፋዩ ትንሽ ነገር ይመስላል። ለተቀባዩ ግን የልጆቹ እራት ነው። ገንዘቡ በኪሳችን እያለ ያሳደርነው ደመወዝ በማግሥቱ ለሙዳየ ምጽዋት በምንሰጠው ብር አይካስም።

ሦስተኛ፣ ሰንበት ለማን ተሰጠች? በኦሪት ዘዳግም ሰንበት የታዘዘችው ለባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ወንድ አገልጋይ፣ ሴት አገልጋይ፣ በሬና አህያ፣ በደጅ ያለ እንግዳም እንዲያርፉ ነው። ምክንያቱም እስራኤል ራሳቸው በግብፅ ባሮች ነበሩ (ዘዳ. 5፥14-15)። በየቤታችን የምታገለግል እኅት እሑድ ሌሊት ተነሥታ ቁርስ አዘጋጅታ፣ ልጆች አልብሳ እኛን ወደ ቅዳሴ ከሸኘች በኋላ ልብስ ስታጥብና ወጥ ስትሠራ የምትውል ከሆነ በዚያ ቤት ሰንበት የከበረችው በማን ላይ ተጭና ነው? እኛ ቆርበን ስንመለስ እርሷ ሥጋ ወደሙን ከተቀበለች ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለንን? በሽታ የሚጠብቁ፣ ሕዝብ የሚያጓጉዙና እነዚህን የመሰለ የግድ ሥራ ያለባቸው ምእመናን ከንስሐ አባታቸው ጋር ሊመክሩ ይገባል፤ በቤታችን ያለችውን ማሳረፍ ግን የእኛ ፈቃድ ብቻ የሚጠይቅ ነው።

አራተኛ፣ ብድርና መያዣ። ኦሪት ከድሃ ወንድም አራጣ መውሰድን ትከለክላለች፤ ልብሱ በመያዣ ቢወሰድም ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመለስለት ታዝዛለች፤ ሌሊት የሚለብሰው እርሱን ብቻ ነውና (ዘጸ. 22፥25-27)። አራጣ በሀገራችን የወንጀል ሕግም የሚያስቀጣ ነው። ይሁንና በማኅበር ጽዋ የሚጠጣ ሰው በጓዳ አራጣ የሚያበድርበት ጊዜ መኖሩን መካድ አይቻልም። ዕቁባችንና ዕድራችን እርስ በርስ የመደጋገፍ ባህላችን ናቸው፤ የተቸገረው አባል መዋጮ ባጓደለ ጊዜ የሚደረግለት ትዕግሥት ደግሞ ኦሪት ስለ መያዣው ልብስ ያዘዘችው ርኅራኄ ነው።

አምስተኛ፣ እንግዳ። እግዚአብሔር እንግዳን እንደ ራሳችን እንድንወድ ያዘዘው ምክንያት ጨምሮ ነው፤ እስራኤል በግብፅ እንግዶች ነበሩና (ዘሌ. 19፥33-34)። ታኅሣሥ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ወደ ቁልቢ የሚጓዘው ምእመን ብዙው በድሬዳዋ ያልፋል። በዚያ ሰሞን የአልጋ፣ የምግብና የመጓጓዣ ዋጋ ያለ ምክንያት ቢንር ስለት ሊያገባ የመጣውን መንገደኛ በመልአኩ ስም መዝረፍ ይሆናል። የአይሁድ ሚሽና ስድስተኛ እጅን ማታለል ካለ፣ እጥፍ ያስከፈለ ክርስቲያን ምን ሊባል ነው?

ስለ እንግዳ ስንናገር በታሪካችን ያለውን ጕድለትም መናዘዝ ይገባል። ቤተ እስራኤል በጎንደርና በሰሜን ኦሪትን በግእዝ እያነበቡ፣ ታልሙድን ሳያውቁ፣ ሰንበትን በጥብቅ እየጠበቁ ለዘመናት ኖረዋል። ማረሻችንን የቀጠቀጡ፣ እንስራችንን የሠሩ እነርሱ ሆነው ሳለ በብዙ ስፍራ ርስት ተነፍገዋል፤ ቡዳ ተብለው ተሰድበዋል። አብዛኞቹ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ጀምሮ ወደ እስራኤል ሄደዋል። እነርሱ የጠበቋት ኦሪት ስለ እንግዳ የምትለውን እኛ ሳንጠብቅላቸው ቀርተናል። ዛሬ ባለ እጁን በሙያው፣ ጎረቤቱን በዘሩ ወይም በእምነቱ የሚንቅ ሁሉ ያንኑ ጥፋት ይደግማል።

ስድስተኛ፣ በጣራ ዙሪያ መከታ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው የወደቀ ሰው ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል (ዘዳ. 22፥8)። መምህራን ከዚህ ሰፊ መርሕ ያወጣሉ፤ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት አስቀድሞ መከላከል የአምልኮ ክፍል ነው። ድሬዳዋ ይህን በመራራ መንገድ ተምራለች። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ሰውን በተኛበት ወሰደ፤ ከ200 በላይ ነፍሳት አለቁ። ዝናቡን ያዘነበው ሰው አይደለም። ነገር ግን የጎርፍ መውረጃውን በቆሻሻ የሚደፍን፣ ተራራውን የሚያራቍት፣ በወንዝ አፋፍ ቤት ሠርቶ ለድሃ የሚያከራይ፣ ብረት የጎደለው ሕንፃ የሚያቆም ሁሉ መከታ የሌለው ጣራ ሠርቷል።

ስለ ምግብ አጭር ቃል

ብዙ ምእመናን ስለ ኦሪት ሲነሣ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለሚበላና ስለማይበላ ነው። የሐዋርያት ውሳኔ፣ የአባቶች ሥርዓትና የጾም ሕግ አሉን፤ እንጠብቃቸዋለን። በድሬዳዋ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች አንዱ ሌላው ያረደውን ባይበላም በሰርግና በለቅሶ የየራሳቸውን እያዘጋጁ አብረው መቀመጣቸው የቈየ መከባበር ነው፤ ሊጠበቅ ይገባዋል። ነገር ግን ወደ አፋችን የሚገባውን የምንመረምርበት ጥንቃቄ ወደ ኪሳችን ለሚገባውም ይሁን። በሐሰት ሚዛን በተገኘ ብር የተገዛ በግ፣ ምንም በሥላሴ ስም ቢታረድ፣ የተጎዳው ሰው እንባ አለበት።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ኦሪት ኃጢአትን ከማመልከት አልፋ የመመለሻውንም መንገድ ታሳያለች። ባልንጀራውን በአደራ፣ በቅሚያ ወይም በማታለል የበደለ ሰው መሥዋዕቱን ከማቅረቡ በፊት የወሰደውን በሙሉ እንዲመልስ፣ አምስተኛ እጅም እንዲጨምርበት ታዝዟል (ዘሌ. 6፥2-5)። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ቀን ከዚህ አልፎ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃ. 19፥8)። በጾምና በስግደት ብቻ የሚፈጸም የሚመስለን ንስሓ የሰው ገንዘብ በእጃችን ካለ ሳይመለስ አይፈጸምም። ባለቤቱ ከታወቀ ለእርሱ፣ ከሞተ ለወራሾቹ ሊመለስ ይገባል፤ ባለቤቱ የማይታወቅ ከሆነም በንስሐ አባት ምክር ለድሆች ይሰጣል።

ስለዚህ እያንዳንዳችን በዚህ ሳምንት ሦስት ነገሮችን እንመርምር። ሚዛናችን ትክክል ነውን? ያልከፈልነው የማን ድካም በእጃችን አለ? በሰንበት እኛ ስናርፍ በቤታችን ያላረፈ ማን ነው? ነጋዴ ሚዛኑን ያስተካክል፤ አሠሪ ደመወዙን በቀኑ ይክፈል፤ እመቤት ሠራተኛዋን ከአጠገቧ አቁማ ታስቀድስ። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንም ለሕፃናት ዐሠርቱን ቃላት ሲያስተምሩ አትስረቅ የሚለውን በጣሳና በኪሎ ምሳሌ ቢያስረዱ ትእዛዙ ከቃል ጥናት አልፎ ወደ ገበያ ይወጣል።

በመጀመሪያ ያሰብነው የከፊራ ነጋዴ ሰንበቱን መተው የለበትም፤ ጾሙንም መተው የለበትም። የሚያስፈልገው ከመደርደሪያው ሥር ያለውን አንዱን ድንጋይ አውጥቶ መጣል ነው። ያን ጊዜ እሑድ የዘጋው በር ለሰው ሁሉ የሚታይ ሰንበት ይሆንለታል፤ ሰኞ የሚከፍተውም በር እንዲሁ።

ሕጉን አውቀን እንድንፈጽመው የአባቶቻችን አምላክ ይርዳን፤ የእመቤታችን ምልጃ፣ የመልአኩ የቅዱስ ገብርኤል ጥበቃ አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።